በአባዬ መርፌ ውስጥ ያለው ዚፕ

ነርሷ መርፌውን ሆዱ ላይ ከቆዳው ሥር ወግታ ስትጨርስ አባዬ ገና ትንፋሹን ይዞ ነበር። "አለቀ?" አለኝ። አለቀ። ሁለተኛው ከሦስት ወር በኋላ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በየስድስት ወሩ አንዴ ብቻ እንደሚወጋ ነርሷ ነገረችን፤ እኔም እንደ ልማዴ ተረጎምኩለት። አባዬ ለንደን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ኖሯል፤ እንግሊዝኛ ይችላል። ሐኪም ቤት ሲገባ ግን እንግሊዝኛው በር ላይ ይቀራል።

አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ነው የተናገረው።

"እንክብሉን በየቀኑ እውጣለሁ። ይሄ በዓመት ሁለቴ ብቻ? ምን ቢጨምሩበት ነው ስድስት ወር የሚቆየው?"

"አርኤንኤ ነው፣ አባዬ።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። የሚያሳፍረው ነገር፣ መልሱን በደንብ አውቀዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመጨረሻውን ዓመት ያሳለፍኩት አጫጭር የአርኤንኤ ጥንዶችን እያሞቅኩ የሚለያዩበትን ሙቀት በመለካት ነው። ነገር ግን ሁሉንም የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። የእኔ አማርኛ የወጥ ቤትና የበዓል አማርኛ ነው። እናንተም ውጭ አገር ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ከሆነ ይህን ዓይነት ዝምታ ታውቁታላችሁ።

አባዬ ዝምታዬን በሌላ ተረጎመው። "ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው 'ዘር የሚለውጥ መርፌ ነው' ብሎኛል" አለ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ። "እውነት ከሆነ ሁለተኛውን አልወጋም።"

ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። ባለፈው ዓመት አንዱ የልቡ ደም ሥር ተዘግቶ በአምቡላንስ ነው የወሰዱት። ሐኪሞቹ ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ አስገቡለት። ከዚያ በኋላ እንክብሉን አንድ ቀን ሳያጓድል ቢውጥም ኮሌስትሮሉ በሚፈለገው መጠን አልወርድ አለ። መርፌው የታዘዘለት ለዚህ ነው። ስሙ ኢንክሊሲራን ይባላል። አባዬ አንዴ "አልፈልግም" ካለ ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ሦስት ወር ነበረኝ።

ደብተሩና ወረቀቱ

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ሥራውን የጀመረው መርካቶ ነው። ለንደን ከመጣ በኋላ ትንሽ ሱቅ ተከራይቶ ሱሪ ሲያሳጥርና ዚፕ ሲቀይር ኖረ። አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ የስፌት መኪናው ግን ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። ጎረቤቶች አሁንም ዚፑ የተበላሸ ጃኬት ያመጡለታል።

በሚቀጥለው እሑድ ቤቱ ሄድኩና ከመርፌው ሳይሆን ከእሱ ሥራ ጀመርኩ።

"አባዬ፣ የደንበኛህን ልኬት የት ነበር የምታስቀምጠው?"

"ደብተር ላይ ነዋ። ደብተሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል።"

"ጨርቁን ስትቆርጥስ?"

"ከደብተሩ ወረቀት ላይ እገለብጥና በወረቀቱ እቆርጣለሁ። ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ይጣላል። ደብተሩ ይኖራል።"

ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም ነበር። ዲኤንኤ ደብተሩ ነው። በየሕዋሱ መሐል ባለ ክፍል ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል። አርኤንኤ ደግሞ ወረቀቱ ነው። ሕዋሱ አንድ ፕሮቲን መሥራት ሲፈልግ ከደብተሩ አንዷን ገጽ ይገለብጣል፣ በቅጂው ይሠራል፣ ከዚያ ቅጂው ይጠፋል።

የጉበት ሕዋሳት ፊታቸው ላይ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም ውስጥ የሚይዙ እጆች አሏቸው። ፒሲኤስኬ ዘጠኝ የሚባል ፕሮቲን ደግሞ እነዚያን እጆች ያጠፋል። የአባዬ መርፌ የሚያደርገው የዚህን ፕሮቲን ወረቀት መቁረጥ ነው። ወረቀቱ ሲቆረጥ ፕሮቲኑ ይቀንሳል፣ እጆቹ ይበዛሉ፣ ኮሌስትሮሉ ይወርዳል። በትልልቆቹ ሙከራዎች ላይ በግማሽ ገደማ ነው የወረደው።

"ደብተሩንስ?" አለ አባዬ።

"ደብተሩን አይጽፍበትም፣ አይሰርዝበትም። ለዚህ እኮ ነው በየስድስት ወሩ የሚደገመው። ዘር የሚለውጥ ቢሆን ኖሮ አንዴ ይበቃ ነበር።"

ይህ የገባው መሰለኝ። ነገር ግን አባዬ የአንድን ነገር ስፌት ገልብጦ ሳያይ አያምንም።

"ወረቀቱን የሚቆርጠው መቀስ ምን ዓይነት ነው?"

ሁለት ክር ለምን?

መድኃኒቱ ሁለት አጫጭር የአርኤንኤ ክሮች ናቸው፤ አንዱ 21፣ ሌላው 23 ፊደላት አሉት። ፊደላቱ አራት ዓይነት ናቸው፦ ኤ፣ ዩ፣ ጂ እና ሲ። ኤ ከዩ ጋር፣ ጂ ከሲ ጋር ይገጥማሉ። ሁለቱ ክሮች አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች እየሄዱ ፊደል ለፊደል ይያያዛሉ፤ ከዚያም እንደ ገመድ ይጠመዘዛሉ። አባዬ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጃኬት አንሥቶ ዚፑን ግራና ቀኝ ለይቶ አሳየኝ። "እንደዚህ?" እንደዚያ።

"ወረቀቱን የሚያገኘው የትኛው ነው?"

"አንዱ ብቻ። ከወረቀቱ ጋር የሚገጥመው።"

"አንዱ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሁለተኛውን ለምን ይወጉኛል?"

ልክ እንደ ጥሩ ፈታኝ ነው የጠየቀኝ። ብቻውን ያለ የአርኤንኤ ክር ደም ውስጥ ቶሎ ይበላል፤ ጥንድ ሲሆን የበለጠ ይቋቋማል። ከዚህም በላይ መቀሱ፣ አርጎናውት የሚባል ፕሮቲን፣ ክሩን የሚቀበለው ከጥንድ ላይ ነው። አጭር ጥንድ ይገባለታል፤ ይፈታዋል፤ አንዱን ክር ይዞ ሌላውን ይጥላል። የያዘው ክር እንደ ልኬት ሆኖ የሚቆረጠውን ወረቀት ያሳየዋል። ሁለት ክር ያለው አርኤንኤ የአንድን ጂን ሥራ ዝም እንደሚያሰኝ አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ በ1998 በትንንሽ ትሎች ላይ አሳዩ፤ በ2006 የኖቤል ሽልማት አገኙበት።

እንግዲህ ጉዳዩ ሁሉ የሚያርፈው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ጥንዱ ጉበት እስኪደርስ ሳይፈታ መቆየት፣ ሲደርስ ደግሞ መፈታት አለበት። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የለካሁት ይህንኑ ነበር፤ ምን ያህል ጠንካራ ነው፣ መቼስ ይፈታል?

"ቀለጠ" ወይስ "ተፈታ"?

ሳይንቲስቶች ሁለቱ ክሮች በሙቀት ሲለያዩ "ቀለጠ" ይላሉ። ይህን ለአባዬ ስነግረው ሳቀ። ቅቤ ይቀልጣል፤ ሻማ ይቀልጣል፤ ሠርግ ቤትም ጭፈራው ይቀልጣል። እዚህ ግን ፈሳሽ የሚሆን ነገር የለም። ክሮቹ ከመጀመሪያውም ውኃ ውስጥ ናቸው። ሲሞቁ ይለያያሉ፣ ሲቀዘቅዙ ተመልሰው ይገጥማሉ።

"ታዲያ 'ተፈቱ' አትይም?" አለኝ።

ቋጠሮ ይፈታል፣ እሥረኛ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ባልና ሚስት ይፋታሉ፤ ሁሉም ከአንድ ግስ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም "መፈታት" እላለሁ።

አለካኩ ከባድ አይደለም። አርኤንኤውን ጨው ባለበት ውኃ ውስጥ አድርገን ጥርት ባለች ትንሽ ብልቃጥ እናስቀምጠዋለን። በአንድ በኩል ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ብርሃን እንልክበታለን፤ የሞገዱ ርዝመት 260 ናኖሜትር ነው። በሌላ በኩል ምን ያህሉ እንዳለፈ እንለካለን። ፊደላቱ እንደ መሶብ እንጀራ ተነባብረው ሲቀመጡ ከብርሃኑ የሚውጡት ያነሰ ነው፤ ሲፈቱና ሲበተኑ ይበልጥ ይውጣሉ። ሙቀቱን ቀስ እያልን ስንጨምር ኮምፒውተሩ ላይ መስመር ይሣላል። መጀመሪያ ሜዳ ነው፣ ከዚያ ድንገት ዳገት ይሆናል፣ ከዚያ እንደገና ሜዳ። ዳገቱ መሐል ላይ ከጥንዶቹ ግማሾቹ ተፈትተዋል። ያ ሙቀት የዚያ ጥንድ የመፈቻ ሙቀት ነው።

ረጅም ዚፕ መሐሉ ተከፍቶ ጫፎቹ ተዘግተው ሊቆይ ይችላል። ስድስት ወይም ስምንት ፊደል ያላት አጭር ጥንድ ግን ለዚህ ቦታ የላትም። ወይ ገጥማለች ወይ ተፈትታለች ብለን እናሰላለን፤ ጫፎቿ ትንሽ ቢከፈቱና ቢዘጉም ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

እኔ ግን አንዴ ጉድ ሆኛለሁ። ጥንዴ ጂ-ሲ-ጂ-ሲ-ጂ-ሲ ነበረች። ይህች ፊደል ተራ ከራሷ ቅጂ ጋር ስለምትገጥም አንድ ዓይነት ክር ብቻ ይበቃል። በስሌቴ መሠረት 63 ዲግሪ ገደማ ላይ መፈታት ነበረባት። መሣሪያው 55 አለኝ። ደገምኩት፤ 55። አርኤንኤው ተበልቷል ብዬ ደመደምኩ። በጣታችን ቆዳ ላይ አርኤንኤ የሚበሉ ኢንዛይሞች አሉ፤ ጓንት መርሳት የሳምንት ሥራ ያጠፋል። ናሙናውን ደፋሁት፤ ጠረጴዛውን በሙሉ አጸዳሁ፤ አዲስ አዘጋጀሁ። እንደገና 55። ሪፖርቱን ለማስረከብ አሥር ቀን ቀርቶኛል። ያን ማታ ለአባዬ ደውዬ "ጠፋብኝ" ስለው ቁልፍ የጠፋብኝ መስሎት "በር ሰባሪ ልላክልሽ?" ብሎኛል።

በማግስቱ አስተማሪዬ ማስታወሻዬን አየችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ስንት ጊዜ አቀጠንሽው?"

አንዴ ማቅጠን ሲገባኝ ሁለቴ አቅጥኜዋለሁ። አርኤንኤው ደህና ነበር፤ ብቻ በአሥር እጥፍ ቀጥኗል። ይህ ብቻውን የመፈቻ ሙቀቱን ስምንት ዲግሪ ገደማ ጣለው።

እዚህ ላይ ነው አጭር ጥንድ ከቅቤ የምትለየው። ቅቤ አንድ ማንኪያም ሆነ አንድ ቅል ሙሉ፣ የሚቀልጥበት ሙቀት ያው ነው። ክሮች ግን ለመፈታት ማንም አያስፈልጋቸውም፣ ለመግጠም ግን መገናኘት አለባቸው። አባዬ ይህን ነገር ሳልጨርስ ነው የጨረሰልኝ፤ ሰው በሞላው አዳራሽ ለእስክስታ አቻ ቶሎ ይገኛል፣ ባዶ ሜዳ ላይ ግን ብቻህን ትቆማለህ። ጨውም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ክሮች ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ጨው ውስጥ ያሉት ፖዘቲቭ ቅንጣቶች መሐል ገብተው ያስታርቋቸዋል። ስለዚህ ስንት ክር፣ በምን ያህል ጨው ውስጥ እንዳለ ያልተነገረበት የመፈቻ ሙቀት ብዙም አይጠቅምም።

ጎረቤት ይወስናል

"ጂና ሲ ይበልጥ ጠንካራ ናቸው አልሽኝ" አለ አባዬ በሌላ እሑድ። "እንግዲያስ መቁጠር ነው። ጂና ሲ የበዛበት ይጠነክራል።"

እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የማስበው። ጂና ሲ በሦስት የሃይድሮጂን ትስስር ይያያዛሉ፣ ኤና ዩ በሁለት። ነገር ግን መቁጠር ብቻ አይበቃም። የእኔን ጥንድ፣ ጂ-ሲ-ጂ-ሲ-ጂ-ሲን፣ ገልብጣችሁ ሲ-ጂ-ሲ-ጂ-ሲ-ጂ ብላችሁ ጻፉ። ፊደላቱ ያው ናቸው፤ ትስስሮቹም እኩል 18 ናቸው። የመፈቻ ሙቀታቸው ግን በእኩል መጠንና በእኩል ጨው ከ4 ዲግሪ በላይ ይለያያል፤ የመጀመሪያዋ ትበልጣለች።

ምክንያቱ ጎረቤት ነው። ጥንዱን አንድ ላይ የሚይዘው ፊት ለፊት ያለው ትስስር ብቻ ሳይሆን አንዱ ፊደል በሌላው ላይ የሚነባበርበት መንገድም ነው። ከሲ በፊት ጂ ሲመጣና ከጂ በፊት ሲ ሲመጣ አነባበሩ አንድ አይደለም። ይህን በቁጥር የማስላት መንገድ ኢግናሲዮ ቲኖኮና ባልደረቦቹ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጀመሩት። በኋላ ዳግላስ ተርነርና ተማሪዎቹ ኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ውስጥ ለዓመታት አጭር ጥንድ በአጭር ጥንድ እየለኩ ሠንጠረዡን አጠሩት፤ በ1998 የወጣው ዛሬም ይሠራበታል። በትክክል የሚገጥሙ ጎረቤታሞች አሥር ዓይነት ብቻ ናቸው። ከጂ ቀጥሎ ሲ ሲመጣ 3.42 ኪሎ ካሎሪ በሞል ያተርፋል። ከሲ ቀጥሎ ጂ ከመጣ 2.36። ከኤ ቀጥሎ ኤ ከሆነ 0.93 ብቻ። ሁለቱ ክሮች መጀመሪያ ለመገናኘታቸው ደግሞ 4.09 ይከፈላል። ተማሪ ሳለሁ እነዚህን ቁጥሮች አውቶቡስ ላይ ነበር የምደምራቸው። ሰዎች እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ አሰልቺ ይመስላቸዋል፤ እኔ እንደ ጥሩ የሙያ መጽሐፍ ነው የማየው። ሌላ ሰው ብርሃን እያበራ፣ ሙቀት እየጨመረ፣ ዓመታት ሰጥቶበት እኔ በደቂቃ እደምረዋለሁ።

አባዬ ቁጥሮቹን በእርሳስ ደምሮ አረጋገጠ። ለእሱ አምስት ደቂቃ ፈጀበት፤ ለማመን ግን ይህ አስፈላጊ ነበር።

የላላው ጫፍ

"ሰውነቴ 37 ዲግሪ ነው" አለ እርሳሱን እያስቀመጠ። "በስድስት ፊደል 63 ላይ ከተፈታ፣ 21 ፊደል ያለው መቼ ሊፈታ ነው?"

ልክ ነው። እንዲህ ያለ ጥንድ በሰውነት ሙቀት በራሱ አይፈታም። የሚፈታው አርጎናውት ነው። ግን ከሁለቱ ክሮች የትኛውን ይይዛል? የተሳሳተውን ቢይዝ መድኃኒቱ ዋጋ የለውም፤ ወይም ያልታሰበ ወረቀት ሊቆርጥ ይችላል።

በ2003 ሁለት ቡድኖች መልሱን በአንድ መጽሔት በአንድ እትም አወጡት። የአንደኛው መሪ ፊሊፕ ዛሞር ነበር፤ በሁለተኛው ውስጥ አናስታሲያ ክቮሮቫ ነበረች። ያገኙት ነገር ከመፈቻ ሠንጠረዡ ጋር ቀጥታ ይገናኛል። እያንዳንዱ ክር መነሻ ጫፍ አለው፤ ክሮቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄዱ የአንዱ መነሻ በጥንዱ አንድ ጫፍ፣ የሌላው መነሻ በሌላው ጫፍ ነው። መነሻው ላላ ባለው ጫፍ ላይ ያለ ክር ይመረጣል፤ ሌላው ይጣላል። ልዩነቱ ትልቅ መሆን የለበትም። አንድ ጫፍ ላይ የጂና ሲ ግጥሚያ በኤና ዩ መቀየር ምርጫውን ሊገለብጠው ይችላል።

አባዬ ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ጃኬቱን አመጣ። "አርባ ዓመት ዚፕ ጠግኛለሁ። ሁሌም የሚከፈተው በላላው ጫፍ በኩል ነው። ሰው መሐሉን ነው የሚያየው። እኔ ጫፉን ነው የማየው።"

እንዲህ ዓይነት መድኃኒት የሚነድፉ ሰዎችም ጫፉን ያያሉ። በጣም ጠንካራ ጥንድ የተሻለ መድኃኒት ይሆናል ማለት አይደለም፤ አርጎናውት መፍታት ካቃተው ጥንካሬው ምን ይጠቅማል? በሌላ በኩል ደግሞ ክሮቹ እንዳይበሉ ይጠበቃሉ። ኢንክሊሲራን ውስጥ ያሉት ፊደላት ሁሉም ማለት ይቻላል በኬሚስትሪ ትንሽ ተለውጠዋል፤ አንዳንዱ ላይ ፍሎሪን ተጨምሯል። ይህ ኢንዛይሞቹን ያስቸግራል፤ ፍሎሪኑ ደግሞ ጥንዱን ጠበቅ ያደርገዋል። ጫፉ ላይ ሦስት ቅርንጫፍ ያለው ስኳር ተሰፍቷል፤ የጉበት ሕዋስ ያንን ስኳር ይዞ ያስገባዋል። አንድ ክር አርጎናውት ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ አንድ ወረቀት ቆርጦ አያበቃም፤ በተራ ብዙ ይቆርጣል። አባዬ አውቶቡስ ውስጥ ለጠየቀኝ ጥያቄ፣ ምን ቢጨምሩበት ነው ስድስት ወር የሚቆየው ላለው፣ መልሱ ይኸው ነበር። ሁለት ወር ተኩል ዘግይቶ ደረሰ።

በቀጠሮው ቀን ከእኔ ቀድሞ ጃኬቱን ለብሶ በር ላይ ጠበቀኝ። ነርሷ የደም ምርመራውን ውጤት አየችና ኮሌስትሮሉ ከግማሽ በታች መውረዱን ነገረችን። ልተረጉምለት ስል "ሰምቻለሁ" አለኝ። መርፌው ገባ፤ ወጣ። አባዬ ሸሚዙን መቆለፍ ጀምሮ መሐል ላይ አቆመ።

"ያ የሚጣለው ክርስ? የት ነው የሚሄደው?"

"እዚያው ሕዋሱ ውስጥ ተበጣጥሶ ይጠፋል፣ አባዬ።"

"ምስኪን" አለና የቀረውን ቁልፍ ቆለፈ።